የአባቴ ቀይ ጨርቅ፦ የአየር ኃይል ቤተሰቦችን ትዝታ እንዴት እንደሰበሰብኩ

በቤታችን የቁም ሳጥኑ ቁልፍ የሚታሰርበት አንድ የደበዘዘ ቀይ ጨርቅ አለ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስጎትተው ያደግሁ ቢሆንም ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት አባቴ የጡረታ ወረቀቱን ሊፈልግ የቆርቆሮ ሳጥኑን ከአልጋ ሥር ሲያወጣ ግን አንድ ፎቶግራፍ ወደቀ፤ በፎቶው ላይ አባቴ፣ ያኔ ጢሙ ገና ያልጠነከረ ወጣት፣ ከኤፍ 5 ጄት ክንፍ ሥር ቆሞ ይታያል። በክንፉ ጫፍ ከተሰካው ሚሳይል ላይ ደግሞ ያው የቁም ሳጥናችን ቁልፍ ቀይ ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ለካ ጨርቁ የመጠበቂያ ፒን ምልክት ነበር፤ አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል ቴክኒሻኑ ፒኑን ነቅሎ፣ ጨርቁን ከፍ አድርጎ ለአብራሪው ያሳያል፤ አብራሪውም አይቶ በእጁ ምልክት ይሰጣል። የቢሾፍቱን አየር ኃይል ቤተሰቦች ትዝታ ለመሰብሰብ የተነሳሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ከሽፏል ማለት ይቻላል። ሠላሳ ሁለት ጥያቄ በደብተር ጽፌ፣ የስልኬን መቅጃ ከፍቼ አባቴ ፊት ተቀመጥኩ። እሱም ጀርባውን አቅንቶ የተቀጠረበትን ዘመን፣ ምድቡን፣ ማዕረጉን፣ የተሰናበተበትን ዓመት በተራ ነገረኝና በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨረሰ። ለልጁ ሳይሆን ለመርማሪ የሚናገር ይመስል ነበር። ይህ ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። በእሱ ዕድሜ ያሉ የአየር ኃይል ሰዎች ስለ አገልግሎታቸው ብዙ ጊዜ ተጠይቀዋል፤ የጠየቋቸው ግን ትዝታ ፈላጊዎች አልነበሩም። የቀድሞው የአየር ኃይል አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይ ከመሪዎቹ አንዱ የሆኑበት የግንቦት 8 ቀን 1981 መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ የማን ወዳጅ እንደነበሩ ተጠየቁ፤ ሠራዊቱ በግንቦት 1983 ከተበተነ በኋላም ብዙዎቹ ካምፕ ገብተው የት ምን እንደሠሩ እንዲናገሩ ተደረገ። ስለዚህ «በዚያን ጊዜ ምን ትሠራ ነበር?» የሚለው ጥያቄ፣ እኔ በፍቅር ብጠይቀውም፣ በጆሯቸው የሚሰማው በሌላ ድምፅ ነው።

በሁለተኛው ሙከራ ደብተሩን ትቼ ፎቶውን ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ የጠየቅሁትም ስለ ጦርነቱ ሳይሆን ስለ እጁ ነበር፤ «አባዬ፣ ጥይቱ እንዴት ነው የሚገባው?» አልኩት። አባቴ የጦር መሣሪያ ክፍል፣ እነሱ በተለምዶ አርማመንት የሚሉት ክፍል ባልደረባ ነበር። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ ወደ እናቴ ዞሮ መቀነቷን ጠየቃት። ዘርግቶ፣ ጫፉን በጉልበቱ ይዞ፣ ወዲያና ወዲህ እያጠፈ በካርቶን ሳጥን ውስጥ መደርደር ጀመረ። ኤፍ 5 ኢ የሚባለው የጄቱ ሞዴል በአፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ እያንዳንዱም 280 ጥይት ይይዛል። ጥይቶቹ በማያያዣ ብረት እንደ ዶቃ ተያይዘው በሣጥናቸው ውስጥ በዚያው ዓይነት ይታጠፋሉ፤ አንዷ እጥፋት ከተጣመመች መድፉ በአየር ላይ ይነክሳል። አባቴ እያንዳንዱን እጥፋት በአውራ ጣቱ ዳበስ እያደረገ «እዚህ ላይ ስህተት ካለ የሚያውቀው አብራሪው ነው፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ ላይነግረኝ ይችላል» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገረ፤ ስለ ድሬዳዋ ሙቀት፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ብረት ጓንት የሌለውን እጅ እንዴት እንደሚልጥ፣ በሐምሌ 1969 የሶማሊያ ጦር ከገባ በኋላ ጄቶቹ ነዳጅና ጥይት ሞልተው በቀን ስንት ጊዜ ይመላለሱ እንደነበር አወራኝ። መቀነቱም እስከ ማታ እንደታጠፈ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ማንንም ባነጋግር ዕቃ አስቀድማለሁ። የዳንቴል መሸፈኛ ሆኖ የቀረ የፓራሹት ጨርቅ፣ ብረት ከመብላቱ የተነሳ ጫፉ የለሰለሰ መፍቻ፣ የበረራ መዝገብ፤ ሁሉም ከእኔ ጥያቄ ይልቅ ብዙ ያናግራሉ።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ግን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አንድ የአብራሪ ልጅ በጀርባው «1969» የተጻፈበትን የአባቱን ፎቶ ልኮልኝ፣ አባቱ በንጉሡ ዘመን አሜሪካ ለሥልጠና በሄደበት ጊዜ የተነሳው እንደሆነ እርግጠኛ ሆኖ ጻፈልኝ። ፎቶውን ለአባቴ ባሳየው የክንፉን ሥር አይቶ ወዲያው «ይህ ኢ ነው፣ ኤ አይደለም» አለ፤ ኤ የሚለው ቀደም ያለውን የኤፍ 5 ሞዴል ነው። ኤፍ 5 ኢ የሚባለው ሞዴል በፈረንጆቹ 1969 ገና አልተሠራም ነበር፤ መጀመሪያ የበረረው በ1972 ነው። ስለዚህ ጽሑፉ በእኛው አቆጣጠር ነው፤ ፎቶው የተነሳው በኦጋዴን ጦርነት ዓመት ነበር ማለት ነው። ልጁ ለዓመታት የተማሪነት ትዝታ አድርጎ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ፎቶ፣ አባቱ በየቀኑ ወደ ውጊያ ይወጣ የነበረበት ወቅት ምስል ሆኖ ተገኘ። አሁን በምጽፈው እያንዳንዱ መዝገብ ላይ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር አኖራለሁ፤ በዘመን ያላረጋገጥኩትንም በእርሳስ ብቻ እጽፋለሁ።

እንዲህ ቀን ከቀን ጋር ሳገናኝ ነው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን ላይ የደረስኩት። እኚህ ስዊድናዊ ከጣሊያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉ እንደገና ሲቋቋም ለአሥር ዓመት ያህል የመሩ ሰው ናቸው፤ በዕድሜ የገፉ አባቶች ስለ ሳብ አውሮፕላኖችና ስለ ስዊድናውያን አስተማሪዎች ሲያወሩ ስማቸው ሳይነሳ አይቀርም። በጎዴ የሞቱት ሐምሌ 6 ቀን 1969፣ የሶማሊያ ጦር ባደረሰው ድንገተኛ ጥቃት ነው። አንድ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይህን ሲነግሩኝ ታሪክ የሚተርኩ አይመስሉም ነበር፤ የዘመድ መርዶ እንደሚያረዱ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

የሠራሁት ትልቁ ስህተት ሁሉንም በአንድ ላይ መሰብሰቤ ነበር። በአንድ እሑድ ከሰዓት በእናቴ ቡና ዙሪያ አምስት አባቶችን አስቀመጥኩ፤ ከመካከላቸው አንዱ የቀድሞ ሻለቃ፣ ሌሎቹ ሃምሳ አለቃና ሻምበል ባሻ ነበሩ። ማዕረጉ ከተገፈፈ ሠላሳ ዓመት ቢያልፍም ሻለቃው ሲናገሩ ሌሎቹ ጉሮሯቸውን ከመጥረግ በቀር አልተናገሩም። ሻለቃው የሶማሊያ ሚግ 21 ጄቶች ስለተመቱባቸው ውጊያዎች፣ ተማርከው ሶማሊያ ውስጥ 11 ዓመት ገደማ ስለታሰሩት አብራሪ ስለ ለገሠ ተፈራ በሚያምር አንደበት ተናገሩ፤ ይህ የሚታወቅና የሚያኮራ ታሪክ ነው። ነገር ግን ጎማውን የቀየረው፣ ፓራሹቱን ያጠፈው፣ ነዳጁን የቀዳው ሰው ትዝታ በዚያ ቀን ሳይቀዳ ቀረ። አሁን ሰዎቹን በየቤታቸው፣ አንድ በአንድ አነጋግራለሁ፤ በጋራ ካገናኘሁም የአንድ ክፍል ሰዎችን ብቻ ነው።

ከእነሱ ይልቅ ያስገረሙኝ ሚስቶቹ ናቸው። ሲኒ እያጠቡ የነበሩ አንዲት እትዬ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ በጦርነቱ ጊዜ ድሬዳዋ ሳሉ ጠዋት የወጡትን ጄቶች በድምፅ እየቆጠሩ ባቄላ ከአንድ ሳህን ወደ ሌላ ሳህን ያዛውሩ እንደነበር ነገሩኝ፤ ሲመለሱም መልሰው ይቆጥራሉ። «ባቄላው ሲተርፍ ምሳ አልሠራም ነበር» አሉ። መቅጃዬ ተዘግቶ ስለነበር ይህን የጻፍኩት ቤት ገብቼ ከትዝታዬ ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ መቅጃው ሲኒ እስኪታጠብ ድረስ አይዘጋም፤ መከፈቱን ግን ሁሉም እንዲያውቁ አደርጋለሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ ሰው አስቀይሜያለሁ። አንድ አባት ስለ እስር ዘመናቸው የነገሩኝን ድምፅ፣ ደስ ይላቸዋል ብዬ ውጭ አገር ላሉ ልጆቻቸው በቴሌግራም ላክሁ። ልጆቹ አባታቸው መታሰራቸውን ያውቁ ነበር፤ እዚያ የደረሰባቸውን ግን አያውቁም ነበር። አባትየው ለሦስት ወር አላናገሩኝም፤ በእድር ሽማግሌ ይቅርታ ጠይቄ ነው የታረቅነው። ዛሬ እያንዳንዱን ቅጂ ለተናጋሪው መልሼ አሰማለሁ፤ ማን ይስማው፣ ምኑ ይቆረጥ የሚለውን እሳቸው ይወስናሉ፤ «ከሞትኩ በኋላ» ያሉኝም ሁለት አሉ፤ እንደቃላቸው በተለየ ፋይል አስቀምጫለሁ።

ስለ ቀረጻው ብዙ የምለው የለኝም፤ በቢሾፍቱ የሚቀዳ ሰው የአውሮፕላን ድምፅ እስኪያልፍ መታገሥን ይማራል። አባቶቹ ግን ድምፁን ሰምተው ዓይነቱን ለመናገር ስለሚሽቀዳደሙ፣ ያን ክፍል ቆርጬ መጣል ትቻለሁ።

እስካሁን የሃያ ሦስት ሰዎች ቅጂ አለኝ። የአባቴን ባለፈው ፋሲካ ስንጨርስ ቀዩን ጨርቅ ከቁልፉ ፈትቶ ከፎቶው ጋር በፖስታ አሸገና «ይህ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጥ» ብሎ ሰጠኝ። እናቴ በሦስተኛው ቀን ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከጠፋባት በኋላ ፖስታውን ቀድዳ ጨርቁን ወሰደችው። አሁንም እዚያው ቁም ሳጥኑ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እኔም በመዝገቡ ላይ «ጨርቁ በሥራ ላይ ነው» ብዬ ጻፍኩ።