«ሌላ ነርስ ጥሩልኝ»

ነርስ ሆኜ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን የገጠመኝን ነገር ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

በዕድሜ የገፉ ታማሚ ነበሩ። ለምርመራ ደም ልወስድ ገባሁ። ክንዳቸውን ላስር ስል እጃቸውን ሰበሰቡ። ፊቴን እንኳ ሳያዩ «ሌላ ነርስ ጥሩልኝ» አሉ። ገና አልነካኋቸውም ነበር። ምን ማለታቸው እንደሆነ ግን ወዲያው ገባኝ። እዚህ እስራኤል ተወልዶ ላደገ የኢትዮጵያዊ ልጅ ይሄ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እናቴ እ.ኤ.አ. በ1991 በሰለሞን ዘመቻ የመጣች ናት። ያኔ በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላዊ፣ ማለት የኢትዮጵያ አይሁድ፣ ከአዲስ አበባ ወደዚህ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ወጣት ስለነበረች፣ አገሬ ገባሁ ብላ ደስ ስላላት፣ ደም ለገሰች። በ1996 መጀመሪያ ላይ ግን ጉዱ ወጣ። የደም ባንክ ሰዎች፣ ኤችአይቪ ይኖርበታል በሚል ፍራቻ፣ የእኛን ሰዎች ደም ሳይነግሯቸው ሲደፉት ኖረዋል! በሺህ የሚቆጠር ሰው ኢየሩሳሌም፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቢሮ ፊት ወጥቶ ጮኸ። አባቴም ነበረበት፤ የአስለቃሹን ጭስ ነገር አሁንም ያወራል። እናቴ ግን አታወራም። ደም የሚሰጥበት ቦታ ዳግም አልደረሰችም። ታዲያ ይሄን እንዴት ብዬ ልንገራት?

የክፍላችን ኃላፊ ከሩሲያ የመጣች ሴት ናት። በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «የዛሬ ነርስዎ እሷ ናት። ደምዎን የምትወስደውም እሷ ናት» አለቻቸውና መጥታ አጠገቤ ቆመች። ሴትየዋ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ክንዳቸውን ዘረጉ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። የደም ሥሩን በመጀመሪያው አገኘሁት።

ከክፍሉ ስንወጣ «አይዞሽ» እንኳ አላለችኝም። «ቀጣዩ ታማሚ መድኃኒት እየጠበቀ ነው» ብላኝ ሄደች። እንዴት ደስ እንዳለኝ! ትምህርት ቤትም፣ ውትድርና ላይም ደጋግ ሰዎች «አንቺ እኮ እንደ ሌሎቹ አይደለሽም» ሲሉኝ ነው ያደግኩት። ማመስገናቸው ነው። ግን እኔን ሲያስገቡ እናቴንና አያቴን ደጅ ይተዋሉ። ኃላፊዬ ግን እንዲህ ያለ ነገር ተናግራኝ አታውቅም።

ኅዳር ላይ ለስግድ፣ ለቤተ እስራኤል የጾምና የጸሎት በዓል፣ ፈቃድ ጠየቅኳት። ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሕግ የታወቀ በዓል ስለሆነ መከልከል አትችልም። እሷ ግን ፈቅዳ ዝም አላለችም፤ «እኔም ልምጣ?» አለችኝ። መጣች። ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናፂብ ላይ፣ የቤተ እስራኤል ቄሶች በባለ ዘርፍ ጃንጥላቸው ሥር ኦሪት ሲያነቡ ከአያቴ ጎን ቆመች። አያቴ ጠጋ ብላ «ልጄ፣ ጾመሻል?» አለቻት። ተረጎምኩላት። ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ እንዳልቀመሰች የሰማሁት ያኔ ነው። ጸሎቱ ሲያልቅ አያቴ ዳቦውን ቆርሳ መጀመሪያ ለእሷ ሰጠቻት። እኔ ሁለተኛ ሆንኩ፤ ቅር አላለኝም።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ታናሽ ወንድሜን ፖሊስ መንገድ ላይ ማስቆሙን አልተወም። በ2019 (እ.ኤ.አ.) የእኛው ወጣት ሰለሞን ተካ ከሥራ ሰዓት ውጭ የነበረ ፖሊስ በተኮሰው ጥይት ከሞተ ወዲህ፣ እናቴ ወንድሜ ማታ ሲወጣ «መታወቂያህን ይዘሃል?» ሳትለው በሩን አትዘጋም። እኔ ሆስፒታል ውስጥ አጠገቤ የሚቆም ሰው አገኘሁ። እሱ ግን በጨለማ መንገድ ላይ ብቻውን ነው፤ ይሄ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።