ከደሴ እስከ ጨፋ፣ ከቦርከና ወንዝ ጋር ቁልቁል

ደሴ ያደርኩበት ቤርጎ ቧንቧው ደረቅ ነበር። አስተናጋጇ «አብሽር» ብላ ሁለት ጀሪካን አመጣችልኝ፤ ጠዋት ሒሳቡ ላይ ውሃው ለብቻው ተደምሮ አገኘሁት። የከነከነኝ ብሩ አይደለም። ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያደረው የመጋቢት በልግ ተጠራቅሞ ቢሆን ኖሮ ጀሪካን ባላስፈለገ። ጓሮ ስንቆፍር ውሃ ለምናገኝ ለባሕር ዳር ልጆች ይህ ያንገበግባል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 200 ካሬ ጣሪያ 20 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት 4,000 ሊትር ይሰጣል፤ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 160 ጀሪካን ይተርፋል። አሸንዳ፣ ቱቦና ሮቶ ይበቃል። የመጀመሪያውን እጣቢ፣ አቧራውንና የወፍ ኩሱን፣ ወደ ውጭ የሚለቅ መክፈቻ ካልተበጀለት ግን ሮቶው ይሸታል።

ከደሴ በላይ ያለው የጦሳ ተራራ ተዳፋት ቤትና ኮብልስቶን ሲለብስ ውሃው መስረጊያ ያጣል። በክረምት ጎርፍ ይሆናል፣ በበጋ ምንጩ ይሳሳል።

የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ወርጄ ኮምቦልቻ ገባሁ። ፋብሪካ ሜዳ ይወዳል፣ ሜዳው ደግሞ ወንዝ ዳር ነው። ቆዳ ማልፋትን እንይ፦ ለአንድ ቶን ጥሬ ቆዳ 30 ሜትር ኪዩብ ገደማ ውሃ ይሄዳል። ፀጉር የሚነቀልበት የኖራ ውሃ ሰልፋይድ አለበት፤ ቆዳው የሚለፋበት የክሮም ውሃ ደግሞ አሲድ ነው። ሁለቱ ሳይጣሩ በአንድ ቦይ ከተገናኙ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ገዳይ ጋዝ ይወጣል፣ ክሮሙም ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለየብቻ ገንዳ፣ ለዝቃጩም ማድረቂያ መደብ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ መሬት ይበላል። ቦታው ሲሸነሸን ሼዱ ብቻ ከታሰበ ማጣሪያው ጥግ ላይ ተጨናንቆ ይቀራል፤ እኔ በጣም የምቃወመው ይህንን ነው።

ከሐርቡ ወዲያ ጨፋ ሜዳ ላይ የአፋር ግመሎች ለግጦሽ ተሰማርተዋል። ሽንኩርት የሚያጠጡ አንድ አባት ከጥላቸው ስር አስቀምጠው ቡና አስፈሉልኝ። ከዚያ የፓምፑን መሳቢያ ቱቦ ከቦርከና አውጥተው ወንፊቱን አሳዩኝ፤ ቡናማ አረፋ ተጋግሮበታል።

«ልጄ፣ አረፋ የያዘ ቀን ሞተር አላስነሳም» አሉኝ።

የትልሙ ጠርዝ ላይ ነጭ ጨው ወጥቷል። የፋብሪካ ጨው ቆሻሻን በባክቴሪያ በሚያብላላ ማጣሪያ አይወገድም፤ እዚያው ከመነሻው ካልተቀነሰ ከውሃው ጋር ማሳ ይደርሳል። እሳቸውም የነጣውን አፈር በጣታቸው አንስተው ቀመሱት፣ ተፉት፣ ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።