መነጽሬና የአባቴ ሸክላዎች

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ቆይቼ ስመለስ፣ በእጅ ሻንጣዬ ውስጥ በእናቴ ነጠላ የተጠቀለሉ 14 የአባቴ የሙዚቃ ሸክላዎች ይዤ መጣሁ። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከሚገኘው ቤቴ ደርሼ ጠረጴዛ ላይ ስደረድራቸው መጀመሪያ ያስቸገረኝ ማጫወቻ ማጣቴ አልነበረም፤ በሸክላው መሀል የተለጠፈውን ክብ ወረቀት ማንበብ አቃተኝ። ክንዴን ዘርግቼ ካላራቅሁት በስተቀር የዘፋኙና የባንዱ ስም ይደበላለቅብኛል። ዕድሜዬ 46 ነው፤ በዚህ ዕድሜ አካባቢ በዓይን ውስጥ ያለው ተፈጥሯዊ ሌንስ እየደነደነ ስለሚሄድ የቅርብ ነገርን አጥርቶ ማየት ለብዙ ሰው ይከብዳል። ስለዚህ በዚያው ወር በየቀኑ የማደርገውን መነጽርና የሸክላ ማጫወቻ አከታትዬ ገዛሁ። ሁለቱንም በመጀመሪያው ዙር የገዛኋቸው ተሳስቼ ሲሆን፣ ስሕተቱም አንድ ዓይነት ነበር፤ ገንዘቤን መልክ ላለው ነገር አውጥቼ፣ ዋናውን ሥራ ለሚሠራው ክፍል የተረፈችውን ሰጠሁ።

ከመነጽሩ ልጀምር። ፊቴ ላይ ያማረልኝን ፍሬም በውድ ዋጋ መረጥኩና በኢንተርኔት ሳዝዝ ሌንሱን ከሁሉ ርካሹን አደረግሁ። የትዕዛዝ ቅጹ በሁለቱ የዓይን ብሌኖች መካከል ያለውን ርቀት ሲጠይቀኝ ስለማላውቀው፣ ተሞልቶ የቀረበልኝን 63 ሚሊሜትር እንዳለ ተውኩት። የእኔ ትክክለኛ ልክ 58 መሆኑን ያወቅሁት ከሦስት ሳምንት ራስ ምታት በኋላ ነው። እያንዳንዱ ሌንስ በደንብ የሚታይበት መካከለኛ ነጥብ አለው፤ ያ ነጥብ ከብሌናችን ፊት ካልዋለ፣ የታዘዘልን ቁጥር ትክክል ቢሆንም እንኳ ዓይናችን ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። አሜሪካ የምትኖሩ አንባቢዎቼ መብታችሁን ብታውቁ ደስ ይለኛል፤ ከ1978 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የፌዴራል ደንብ መሠረት፣ የዓይን ሐኪም ምርመራውን እንደጨረሰ የመነጽር ማዘዣውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ሊሰጣችሁ ይገባል፤ ከእርሱ ዘንድ እንድትገዙም ሊያስገድዳችሁ አይችልም። የብሌኖቹ ርቀት ግን ሁልጊዜ ማዘዣው ላይ ስለማይጻፍ፣ ከወንበሩ ሳትነሡ ጠይቁ።

ሁለተኛውን መነጽር ያሠራሁት በአካል ሄጄ ነው፤ በተለይም ለሩቅም ለቅርብም የሚያገለግል ባለ ብዙ ደረጃ ሌንስ ለሚፈልግ ሰው፣ ፍሬሙ ፊት ላይ እያለ ብሌኑ የሚውልበት ቁመት መለካት ስላለበት በዚህ ላይ መቆጠብ አይመከርም። የቆጠብኩት በፍሬሙ ነው። ለዓመታት ሳልጎዳበት ያደረግሁትን አሮጌ ፍሬም ይዤ ሄድኩና አዲስ ሌንስ አስገጠምኩበት። አዲስ መግዛት ግድ ቢሆንብኝም መለኪያዬ እርሱ ነበር፤ ከጆሮ በሚያርፈው ክንፍ በውስጥ በኩል 50፣ 20፣ 145 የሚሉ ሦስት ቁጥሮች ተጽፈውበታል፤ እነዚህም የሌንሱን ስፋት፣ አፍንጫ ላይ የሚያርፈውን ክፍተትና የክንፉን ርዝመት በሚሊሜትር ያመለክታሉ። የተስማማችሁን መነጽር ቁጥሮች የምታውቁ ከሆነ፣ በርካሽ ፍሬሞች መካከልም ልካችሁን ማግኘት አያዳግታችሁም። ነጸብራቅ የሚቀንሰውን ቅብ ማታ ስለምነዳ ከፍዬ አስጨመርኩ፤ ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የተባለውን ግን ተውኩት፤ ምክንያቱም የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ያወጣው የጥናቶች ግምገማ፣ እንዲህ ያለው ሌንስ በኮምፒውተር ሥራ የሚመጣውን የዓይን ድካም በአጭር ጊዜ ውስጥ ከተራው ሌንስ የበለጠ እንደሚቀንስ ማረጋገጫ አላገኘም።

በዚህ አጋጣሚ አገር ቤት ለሚሄዱ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። የፀሐይ መነጽር ስትገዙ ዩቪ 400 የሚል፣ ማለትም የፀሐይን ጎጂ አልትራቫዮሌት ጨረር የሚያግድ መሆኑን ተመልከቱ። የሌንሱ መጥቆር ብቻውን መከላከያ አይሆንም፤ እንዲያውም ብሌን በጨለማው ምክንያት ስለሚሰፋ፣ ጨረሩን የማያግድ ጥቁር መነጽር ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ ደግሞ ይህ ጨረር ከቆላው ይልቅ ይበረታል።

ወደ ሸክላው ልመለስ። መጀመሪያ የገዛሁት የትንሽ ሻንጣ መልክ ያለው፣ ድምፅ ማጉያው አብሮት የተገጠመ፣ ቀለሙ የሚያምር ማጫወቻ ነበር። የአባቴን አንድ ሸክላ ሁለት ጊዜ ካጫወትኩ በኋላ አቆምኩ። ድምፁ ቀጫጫ ነው፤ ማጉያውና መርፌው አንድ ሣጥን ላይ ስለተቀመጡም ቤዙ ጠንከር ሲል ንዝረቱ መርፌውን ያዘልለዋል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ የመርፌው ክብደት ነው፤ እንዲህ ያሉት ማጫወቻዎች ብዙ ጊዜ 5 ግራም ገደማ ይጫናሉ፤ በደህናዎቹ ማጫወቻዎች ላይ ግን መርፌው ሸክላው ላይ የሚያርፈው በ2 ግራም አካባቢ ነው። ሙዚቃው ያለው ሸክላው ላይ በተቀረጸው ቀጭን ቦይ ግድግዳ ላይ እንደመሆኑ፣ ከባድ መርፌ በሄደበት ቁጥር ግድግዳውን ይበላዋል።

ይህ ጉዳይ እኔን የሚያስጨንቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. የሀገር ፍቅር ቴአትርን ብቸኛ የማሳተም መብት ተዳፍሮ አምሃ ሪከርድስ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ሲጀምር፣ የአገራችን ዘፈኖች የሚታተሙት ባሕር ማዶ፣ መጀመሪያ ሕንድ ኋላም ሊባኖስ ነበር። የታተሙትም በአብዛኛው በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በየገጻቸው አንድ አንድ ዘፈን የያዙ ትንንሽ ሸክላዎች ናቸው። በ1970ዎቹ ካሴት ቦታቸውን ስለወሰደ ዛሬ የተረፈው የተረፈው ብቻ ነው፤ ሰብሳቢዎችም በውድ ዋጋ ይገበያዩበታል። እኔ በዚያ ገበያ አልገባም። የኃይሉ መርጊያና የዋሊያስ ባንድ «ቼ በለው» የተሰኘው አልበም በ2014 እ.ኤ.አ. እንደ አዲስ ሲታተም እንደታየው፣ በድጋሚ የሚታተሙትን በአዲስ ሸክላ ዋጋ ማግኘት ይቻላል፤ የውጭ ዘፈኖችን ደግሞ የልባሽ ዕቃ ከሚሸጡ መደብሮች በአንድና በሁለት ዶላር እያነሣሁ፣ መብራት ሥር አዘንብዬ ጭረታቸውን በመነጽሬ አይቼ እገዛለሁ።

ሁለተኛው ማጫወቻዬ ያገለገለ ነው። ሣጥኑ ተፋፍቋል፤ ክዳኑም ስንጥቅ አለው። ሆኖም 33ም 45ም ይዞራል፤ የሸክላን ደካማ ድምፅ አጎልብቶ ቤዙን ወደ ቦታው የሚመልሰው ክፍል በውስጡ ስላለም፣ ቤት ከነበረኝ ማጉያ ጋር በአንድ ገመድ ተገናኘ። ከዋጋው የቆጠብኩትን አዲስ የአልማዝ መርፌ ገዛሁበት። የድሮውን መርፌ ሳወጣ በመነጽሬ ቀርቤ አየሁት፤ ጫፉ ላይ ግራጫ አቧራ እንደ ጥጥ ተጠቅልሎበት ነበር። የአልማዝ መርፌ ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል ይባላል፤ ያኛው ስንት ሰዓት እንደሠራ ግን የሚነግረኝ አልነበረም። ሸክላዎቹን በተጣራ ውኃና በአንዲት ጠብታ የዕቃ ሳሙና፣ ወረቀቱን ሳላርስ፣ የቦዩን ዙሪያ ተከትዬ በለስላሳ ጨርቅ አጠብኳቸው። አሁን ከፀሐይ ርቀው፣ እንደ መጽሐፍ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ከ14ቱ አንዱ አዲስ አበባ እያለ በመስኮት ሥር ሙቀት ስለተጣመመ አይጫወትም፤ አስቀምጬዋለሁ።

እሑድ ቡና እያፈላሁ ለእናቴ በቪዲዮ ደወልኩና አባቴ ከሁሉ አብልጦ ይወደው የነበረውን ሸክላ አስቀመጥኩ። ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና፣ «አሁን ይዘላል፤ እዚችጋ ሁልጊዜ ይዘል ነበር፤ አባትህ ተነሥቶ በጣቱ ነካ ያደርገው ነበር» አለችኝ። ሁለታችንም ጠበቅን። መርፌው ያቺን ቦታ አልፎ ሄደ፤ እናቴም ያንን ስንኝ ያለ ማቋረጥ ስትሰማ የመጀመሪያዋ እንደሆነ ነገረችኝ።