የግሎሪያ ስዋንሰን ሳጥኖች፦ አንድ ሳምንት በኦስቲን

ኦስቲን በነሐሴ ታቃጥላለች። ከሰዓት በኋላ 38 ዲግሪ መድረስ የተለመደ ነው። የፊልም ተዋናይቷን የግሎሪያ ስዋንሰንን ወረቀቶች ያየሁበት የንባብ ክፍል ቅዝቃዜ የሚመጠነው ግን ለወረቀቱ ነው፤ ከያዝኩት ጓዝ ሁሉ የጠቀመኝ ሹራቡ ነበር።

ወረቀቶቹ ያሉበት ሃሪ ራንሰም ሴንተር የተባለው የቤተ መዛግብት ተቋም ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ጓዳሉፕና 21ኛ ጎዳና የሚገናኙበት ጥግ ላይ ይገኛል። ሕንፃው በ1972 የተከፈተ፣ መስኮት እምብዛም የሌለው ትልቅ የድንጋይ ሣጥን ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከመንገድ የሚገባበት ወለል ለማንም ክፍት ነው፣ ክፍያም የለውም። በአውሮፓ የኅትመት መጀመሪያ ዘመን የታተመው የጉተንበርግ መጽሐፍ ቅዱስና የፈረንሳዊው ፈልሳፊ የኒየፕስ ጥንታዊ ፎቶግራፍ እዚያ ይታያሉ፤ ለእነሱ አንድ ሰዓት መመደብ ተገቢ ነው። የእኔ ጉዳይ ግን ከበላዩ ካለው የንባብ ክፍል ነበር።

ግሎሪያ ስዋንሰን በ1899 ቺካጎ ተወለደች። ድምፅ አልባው ፊልም ውስጥ የገባችው በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ነው፤ በ1920ዎቹ ስሟ ከሆሊውድ ታላላቆች ተርታ ነበር። ዛሬ ብዙው ተመልካች የሚያውቃት በ1950ው «ሰንሴት ቡልቫርድ» ፊልም ነው። ልትሞት አንድ ዓመት ሲቀራት፣ በ1982፣ ደብዳቤዋን፣ ውሏን፣ የሒሳብ ወረቀቷንና ፎቶግራፏን ለዚህ ተቋም ሸጠች። ከ600 ሳጥን በላይ ነው። የተለመደው የመዝገብ ሳጥን ውፍረቱ 12.7 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ 600ው ጎን ለጎን ቢደረደር 76 ሜትር ይሆናል። እያንዳንዱን ወረቀት የሚያይ ሰው በቀን ከአራት ወይም ከአምስት ሳጥን በላይ አይዘልቅም። በአንድ ሳምንት ሃያ ሳጥን ማለት ነው፤ ምርጫው ደግሞ ከቤት ሳይወጡ ማለቅ አለበት።

ለዚህ ዝርዝር ማውጫው በኢንተርኔት አለ። በተቋሙ ድረ ገጽ የተመራማሪ መለያ ይከፈታል፣ የሚፈለጉት ሳጥኖች በቁጥር ይታዘዛሉ፣ ሲደርሱ ፎቶ ያለው መታወቂያ ይታያል። ማውጫው ውስጥ ብዙ ሰው የሚሳሳተው በድርጅት ስም ነው። በ1928 «ሳዲ ቶምሰን» የተባለው ፊልሟ የተሠራበት ስም ግሎሪያ ስዋንሰን ፕሮዳክሽንስ ነው። የኋለኛው ፕሬዚዳንት የጆን ኬኔዲ አባት ጆሴፍ ኬኔዲ ገንዘቧን ማስተዳደር ከጀመረ በኋላ ያቋቋመው ግን ግሎሪያ ፕሮዳክሽንስ ይባላል። ሁለቱን እንደ አንድ የያዘ አንባቢ የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ ይጽፋል።

ብዙ ጎብኚ ፍለጋውን በፍቅር ደብዳቤ ይጀምራል። እኔ የምመክረው በደረሰኝና በሒሳብ መዝገብ መጀመርን ነው። ኬኔዲ ወደ ጉዳይዋ የገባው በ1927 መጨረሻ ነው። ስዋንሰን በ1980 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ እንደምትተርከው፣ ለ1930ው ፊልሟ ርዕስ ላወጣው ጸሐፌ ተውኔት ኬኔዲ መኪና ሸለመው፤ ኋላ ላይ ሒሳቡ ሲታይ የመኪናው ዋጋ ከእሷ ላይ ተቆርጦ ተገኘ። ስለ ስጦታው ስትጠይቀው የሥራና የፍቅር ግንኙነታቸው አበቃ። እንዲህ ያለውን ነገር ደብዳቤ አይነግርም። ስለዚህ እያንዳንዱን ወጪ ሳይ ሦስት ነገር እመዘግብ ነበር፦ ማን አዘዘ፣ ማን ፈረመ፣ ከየትኛው ድርጅት ተቀነሰ። ሦስተኛው ብዙውን ጊዜ ሌላ ወረቀት ላይ ስለሚገኝ፣ የውልና የባንክ አቃፊዎችን ከደረሰኙ ጋር በአንድ ቀን ማዘዝ ጊዜ ያተርፋል።

ክፍሉ ውስጥ ብዕር፣ ቦርሳና ምግብ ክልክል ነው፤ እርሳስና ላፕቶፕ ይበቃል። ጠረጴዛው ላይ አንድ ሳጥን፣ ከሳጥኑም አንድ አቃፊ ብቻ ይወጣል። አቃፊው በወጣበት ቦታ ምልክት ማድረጊያ ካርቶን ካልገባ ተመልሶ የት እንደሚገባ ይጠፋል፤ ቦታውን የሳተ ወረቀት ደግሞ ለቀጣዩ አንባቢ የሌለ ያህል ነው።

የወጪ ደብዳቤዎች ዋናው ቅጂ ለተቀባዩ ስለሄደ፣ በላኪዋ ዘንድ የሚቀረው በስስ ወረቀት ላይ ያለ የካርቦን ኮፒ ነው። ከኋላው የተጻፈው ስለሚታይ ሥሩ ነጭ ወረቀት ማድረግ ይረዳል፤ ለዚያም ሠራተኞቹን መጠየቅ ነው። ከዚህ የሚከብደው ግን ሌላ ነው። ኮፒው ፊርማ የለውም፣ ዋናው ላይ በእጅ የተጨመረውም አይኖርበትም፤ «እንዲህ ጻፈች» ከማለት «እንዲህ ተዘጋጀ» ማለቱ ትክክል ነው። ከግርጌ በስተግራ ሁለት ጥንድ ፊደላት ካሉ የመጀመሪያው ቃሉን የሰጠው ሰው፣ ሁለተኛው የታይፒስቷ ስም መነሻ ነው። በስሟ የወጣ ደብዳቤ ቃሉ የሌላ ሰው መሆኑን የሚገልጠው ይኸው ነው።

ቴሌግራም ለብቻው ትዕግሥት ይጠይቃል። የተላከበት ሰዓት በላኪው ከተማ፣ የደረሰበት በተቀባዩ ከተማ አቆጣጠር ነው። ሎስ አንጀለስ ከኒውዮርክ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነች፣ ይህን ያላሰላ ሰው መልሱን ከጥያቄው ያስቀድማል። «ኤንኤል» የሚል ምልክት ካለበት በርካሽ ዋጋ ማታ ተልኮ ጠዋት የሚደርስ የሌሊት ቴሌግራም ነውና፣ ላኪው አልቸኮለም።

የጋዜጣ ቁራጭ ደርቆ ስለሚሰበር የታጠፈውን እኔ አልዘረጋም፤ ሠራተኞቹን እጠራለሁ። የዛገ የወረቀት ስፌትም እንዲሁ።

ጊዜ ያለው መልቲፕራይዝስን ይፈልግ። ስዋንሰን በ1938 ወደ ኒውዮርክ ከሄደች በኋላ ያቋቋመችው የፈጠራና የፓተንት ድርጅት ነው፤ ከአውሮፓ የሚሰደዱ አይሁድ ፈጣሪዎችን ወደ አሜሪካ ለማውጣትም ሠርቷል። እንደ ታሪክ ከፊልሟ የማያንስ ሆኖ ሳለ ስለ እሷ ሲወራ ብዙ ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በራስ ካሜራ ያለ ፍላሽ ማንሳት ይቻላል። ከእያንዳንዱ አቃፊ በፊት የሳጥኑና የአቃፊው ቁጥር ያለበትን መለያ አስቀድሜ አነሳለሁ። ይህ ካልተደረገ ከሳምንት በኋላ የሚቀረው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሺህ ምስል ነው፤ ምንጩ ሊጠቀስ ስለማይችልም ለጽሑፍ አይሆንም። ማንሳት ግን ማሳተም ማለት አይደለም። ወረቀቱ የተቋሙ ቢሆንም የጽሑፉ መብት የጸሐፊው ወይም የወራሾቹ ነው። ስዋንሰን ያረፈችው በ1983 ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ያልታተመ ደብዳቤ ጸሐፊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሚጠበቅ፣ የእሷ እስከ 2053 መጨረሻ ድረስ ፈቃድ ይጠየቅበታል። ለእሷ የተጻፈውን ለማሳተም ደግሞ ከየላኪው ወራሾች ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።