ነጩን ነጠላ ሳላቃጥል፦ የጥምቀት ፎቶዎቼን በራው የምሠራበት መንገድ

በጥምቀት ቀን ጃን ሜዳ ፎቶ ለሚያነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ግፊያው አይደለም። ነጠላው ነው። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሷል፤ የጥር ፀሐይ አናት ይበሳል፤ ከነጩ ስር ያለው ፊት ደግሞ ጠይም ነው። ካሜራው ለፊቱ ሲያደላ ነጠላው ጥለቱ እንኳ የማይለይ ባዶ ነጭ ይሆናል። ለነጠላው ሲያደላ ፊት ይጨልማል። ወደ ራው የገባሁት ለዚህ ነው እንጂ ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ ኤዲት ማድረግ ስለምወድ አይደለም። እንዲያውም አልወድም።

ጄፔግ ካሜራው ራሱ ወስኖ የጨረሰው ፎቶ ነው። ቀለሙን ይመርጣል፣ አያስፈልግም ያለውን ይጥላል። ለእያንዳንዱ ቀለም የሚቀረው 256 የብርሃን ደረጃ ነው። ራው ግን ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) የለካው ብርሃን ነው፤ ገና አልተወሰነበትም። ባለ 14 ቢት ካሜራ 16,384 ደረጃ መመዝገብ ይችላል። ጨልሟል ካላችሁት ፊት ውስጥ ኋላ ላይ ብዙ ነገር የሚወጣው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የማነሳው ለነጠላው ነው። አንድ ፎቶ ሞክሬ ሂስቶግራሙን፣ ማለትም ከጨለማው (ግራ) እስከ ብሩሁ (ቀኝ) ብርሃኑ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳየውን ግራፍ፣ አያለሁ። ቀኝ ጠርዙ ላይ ከተከመረ በኤክስፖዠር ኮምፔንሴሽን (ፎቶውን በሚያፈካውና በሚያጨልመው ማስተካከያ) ትንሽ እቀንሳለሁ። ያኔ ስክሪኑ ላይ ፊት ጠቆር ብሎ ይታያል። ያነሳሁት ሰው ካየው ደግሞ “ምነው አጠቆርከኝ?” ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ስክሪኑን ቶሎ ማጥፋት ተምሬያለሁ።

ይሄ ሂስቶግራም ግን ሙሉ በሙሉ አይታመንም። የሚሠራው ከራው ሳይሆን ካሜራው ለማሳያ ከሚያዘጋጀው ጄፔግ ነው። ካሜራው ቀለም የሚያደምቅ ስታይል ላይ ከሆነ፣ ያልተቃጠለውን ተቃጠለ ይላችኋል። እኔ ስታይሉን “ኒውትራል” ላይ ትቼዋለሁ። ፎቶው ስክሪን ላይ ደብዘዝ ይላል፤ ሂስቶግራሙ ግን ወደ እውነቱ ይጠጋል።

ጃንጥላዎቹ ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። ታቦታቱ ወደየደብራቸው ሲመለሱ ቀይ የከፋይ ጃንጥላ ፀሐይ ሲያርፍበት፣ አጠቃላዩ ሂስቶግራም ደህና ነው እያለ ቀዩ ብቻውን ይቃጠላል። ከፋዩ እጥፋቱ ጠፍቶ የፕላስቲክ ባልዲ ይመስላል። ሦስቱን ቀለሞች (ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ) ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም ክፈቱ፤ አብዛኞቹ ካሜራዎች አላቸው።

ራው ተአምር አይሠራም። ሴንሰሩ ሞልቶ ያለፈበት ቦታ ላይ መረጃ የለም፤ የትኛውም ሶፍትዌር ከባዶ አያመጣውም። ጨለማውን ማንሳት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን በተለይ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ብሎ ከነበረ ሻካራ ነጠብጣብ ይዞ ነው የሚመጣው።

ቤት ስገባ መጀመሪያ ፋይሎቹን ሁለት ቦታ እገለብጣለሁ። የካሜራውን ካርድ የማጸዳው ከዚያ በኋላ ነው። የምሠራው ዳርክቴብል በሚባል የራው ማስተካከያ ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፤ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ካርድ ፍለጋ መባዘን የለም። ራውቴራፒም እንደዚሁ ነፃ ነው። ሲጀመር ግራ ያጋባሉ፤ ይለመዳል።

ቅድሚያ የምሰጠው ለዋይት ባላንስ፣ ማለትም ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን ለማመጣጠን ነው። ብዙ ሰው ነጠላው ላይ ክሊክ አድርጎ “ነጭ ይሄ ነው” ይለዋል። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ግን ወደ ክሬም ያደላል። ነጭ አድርጉት ስትሉት ፊቱ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ለፀሐይ 5,500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) አካባቢ እጀምርና ፊቱን እያየሁ አስተካክላለሁ። የሻማ ብርሃን 1,900 አካባቢ ነው። የሌሊቱን ጸሎት ፎቶ ግን ሙሉ በሙሉ ነጭ አላደርገውም፤ ቢጫው ከጠፋ ሻማ መሆኑ በምን ይታወቃል?

ቀጥሎ ብርሃኑን ከፍ፣ የነጩን ክፍል ዝቅ አደርጋለሁ። የጥላውን ክፍል የምነካው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱንም በቁጠባ። እዚህ ላይ ግትር ነኝ። ጥላው ከልክ በላይ ሲነሳ ቆዳ አመድ ይለብሳል። የጠይም ሰው ፊት ጠይም ሆኖ፣ ግንባሩ ላይ ያረፈው ብርሃን እየታየ ቢቀር ይሻላል። ፊትን ማፍካት ውበት የሚመስላቸው ደንበኞች አሉ፤ ከእነሱ ጋር እከራከራለሁ። አንዳንዴ እሸነፋለሁ፣ ከፋዩ እነሱ ናቸው።

“ራውን ስጠኝ” የሚልም አለ። ስልኩ ላይ ሲከፍተው ወይ እምቢ ይለዋል፣ ወይ ያልተሠራውን ጠቆር ያለ ፎቶ ያይና ይደውላል። ስለዚህ የምሰጠው ያለቀለትን ጄፔግ ነው። ቴሌግራም ላይ የምልከውም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ነው፤ አለዚያ መተግበሪያው ጨምቆ ያሳንሰዋል፣ ስንት የተለፋበት ጥለትም ይደበዝዛል።