ሁለት ክሬም፣ አንድ ሳሎን

መኝታ ቤቱ አልቋል፣ አሁን ሳሎን ላይ ነኝ። ስቱኮው ተሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጓል። የቀረኝ ቀለም መምረጥ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን ከስቱኮው በላይ አደከመኝ። ለምርጫ የቀሩኝ ሁለት ቀለሞች ሁለቱም ክሬም ናቸው። ሻጩ «አቦ አንድ ናቸው፣ አንዱን ውሰጂ» ብሎኛል።

አንድ አይደሉም። ሁለቱን ብቻ ጎን ለጎን ካያችሁ ዓይን ይለምዳቸዋል። ናሙናቸውን ንጹሕ ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጡት፤ አንዱ ወደ ቢጫ፣ ሌላው ወደ ግራጫ እንደሚያደላ ወዲያው ይለያል።

ከዚያ ትልልቅ ካርቶን ላይ ሁለት ሁለት እጅ ቀባሁ። ግድግዳው ላይ ያልሞከርኩት የድሮው ቀለም ዙሪያውን ከቦ ዓይን ስለሚያሳስት ነው፣ ካርቶን ደግሞ ከመስኮት ወደ ጥግ ይዞራል። እስኪደርቅ ጠብቁ፤ ፕላስቲክ ቀለም እርጥብ እያለ ፈካ ብሎ ይታይና ሲደርቅ ይጠቁራል። የድሬ ሙቀት እዚህ ላይ ውለታ ይውላል።

ኢንተርኔት ላይ «መስኮቱ ወደ ሰሜን ከሆነ ሞቅ ያለ ቀለም ምረጡ» የሚል ምክር ሞልቷል። የኔም መስኮት ወደ ሰሜን ነው፣ በዚያ ምክር ቢሆን ቢጫውን መውሰድ ነበረብኝ። ግን ምክሩ የቀትር ፀሐይ ሁሌም በደቡብ በኩል ለምትውልባቸው እንደ አውሮፓ ላሉ አገሮች ነው። ድሬዳዋ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ፀሐይ ስድስት ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው። የግቢው አሸዋማ አፈር ደግሞ ብርሃኑን አሙቆ ወደ ቤት ይመልሰዋል። ከሰዓት አስር ሰዓት ላይ ቢጫው ክሬም ቅቤ መሰለ። ግራጫው በዚያው ሰዓት ልክ የፈለግኩት ክሬም ሆነ።

ላይ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያሉትን የሐረሪ ቤቶች ያየ ነገሩ ይገባዋል። ግድግዳው ነጭ ነው፣ መደቡ ቀይ። ቀዩ ወደ ግድግዳው ስለሚያንጸባርቅ ነጩ አይቀዘቅዝም። እኛ ቤትም እማዬ ቀይ ምንጣፏን እንደማታነሳ ስለማውቅ ቢጫ መጨመር አላስፈለገኝም።

የግራጫው ችግር ማታ ነው። 6500 ኬልቪን (የብርሃኑ ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ፣ ዝቅ ሲል ወደ ቢጫ ያደላል) የሚል ነጭ አምፖል ስር የታመመ ሰው ፊት ይመስላል። አምፖሉን በ3000 ቀየርኩትና ተስተካከለ፤ አምፖል ከቀለም ይረክሳል።

ስለዚህ ግራጫው ነው። ስትገዙ ለክፍሉ የሚበቃውን በአንዴ ግዙ፣ በተለይ ሱቁ ቀለሙን በእጅ የሚቀላቅል ከሆነ፤ ሁለተኛው ቅልቅል ከመጀመሪያው ጋር መግጠሙን እንጃ። ጋሎኖቹንም አንድ በርሜል ውስጥ ገልብጣችሁ አማስሉ።

ኮርኒሱን ንጹሕ ነጭ ላድርገው ወይስ ያንኑ ክሬም በነጭ አሳስቼ ልቀባው? ዝቅ ያለ ኮርኒስ የቀባችሁ ካላችሁ የሠራላችሁን ንገሩኝ።