የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር

ልብ ወለድ ስመርጥ የጀርባ ሽፋኑን አላነብም። ቀጥታ ወደ መጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ነው የምሄደው። እሷ ከያዘችኝ ያዘችኝ፤ ካልያዘችኝ ደራሲውን ለብዙ ገጽ በጥርጣሬ ነው የማየው።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተመውን፣ ዜጎቹን ስለሚሰልል መንግሥት የሚተርከውን «1984» የተባለ ልብ ወለድ እዩት። ወሩ ሚያዝያ ነው፣ ቀኑ ብራ ነው፣ ይበርዳል። እስከዚህ ድረስ ምንም አዲስ ነገር የለም። ከዚያ ሰዓቶቹ 13 ጊዜ ይደውላሉ። በቃ! እኛ የምናውቀው የሚደውል ሰዓት ከ12 አያልፍም፣ ስለዚህ ስለ መንግሥቱም ሆነ ስለ ስለላው ገና አንድ ቃል ሳይነገረን የዚህ ዓለም ነገር ጤና እንደሌለው ገባን። እኔ በጣም የምወደው ግን ያንን ተራ የአየር ሁኔታ ነው። እሱ ባይቀድም ኖሮ 13ቷ እንዲህ አትቆረቁርም ነበር።

ብዙ ጀማሪ ጸሐፊዎች መጀመሪያዋ መስመር ላይ ደም፣ ጩኸትና ፍንዳታ ይጠቀጥቃሉ። አይመቸኝም። ሰውየውን ሳላውቀው ለምን ልደንግጥለት? አንዲት ያልተለመደች ነገር ትበቃኛለች። ከሁሉም በላይ ደግሞ ድምፁን ነው የማዳምጠው፤ የሚተርክልኝ ሰው ቸኩሎ ይሁን ተረጋግቶ፣ የሚደብቀኝ ነገር ይኑር አይኑር ከዚያች መስመር ሽው ይለኛል፣ መጽሐፉንም እስከ መጨረሻው በዚያ ድምፅ ነው የማነበው።